የጉጉፍቱ ዳገትና የጎማ ሰንሰለት

በክረምት ከደሴ ተነስቶ መካነ ሰላም መቼ እንደሚገባ በእርግጠኝነት የሚናገር ሾፌር አልነበረም። «ዛሬ እንገባለን?» ብሎ የጠየቀ ተሳፋሪ የሚያገኘው መልስ «ኢንሻ አላህ» ወይም «እግዜር ካለ» ነው፤ የወሎ ሾፌር ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ሁለቱንም ያፈራርቃል። መንገዱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በበጋ ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያ የወጣ መኪና ጉጉፍቱንና አቀስታን አልፎ ፀሐይ ሳትጠልቅ መካነ ሰላም ይደርሳል። ሰኔ ከገባ በኋላ ግን የጉዞው ነገር በጭቃውና በበረዶው እጅ ነው። ያን ጊዜ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ በአሮጌ ጆንያ ተጠቅልሎ የከረመው የጎማ ሰንሰለት ይወጣል።

እኔ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት መካነ ሰላም ነው፤ ትምህርቱን አቋርጬ መኪና ላይ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ሾፌሩን «አያ» እላቸው ነበር፤ በእኛ አገር ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነው። መኪናቸው ፊያት ኤንትሬ ነበረች፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፤ ከፋብሪካ እንደወጣችም አልቀረችም። የኋላ ባሌስትራዋ ላይ ደሴ ጋራዥ አስገብተው ተጨማሪ ንጣፍ አስደርገዋል። ድንጋይ እንዳይወጋው ከነዳጅ ጋኑ ስር ወፍራም ላሜራ፣ ከፊት መከላከያው ላይ ደግሞ ለመጎተቻ የሚሆን ቀለበት አስበይደዋል። ለአካፋና ለዶማ ከጎኗ ማሰሪያ ተሠርቶላታል። ታኮው ከወይራ እንጨት የተጠረበ ነው፤ ሌላ እንጨት ዋልካ ላይ ይንሸራተታል ብለው አይቀበሉም ነበር። ይህ ሁሉ በካታሎግ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። መንገዱ ራሱ አንድ በአንድ እየሰበረ፣ እየቀደደና እያጠመመ ያስጨመራቸው ነው።

ደቡብ ወሎ ሲባል ብዙ ሰው ኮምቦልቻን ወይም ሐይቅን ያስባል። ከደሴ ወደ ምዕራብ ያለው አገር ሌላ ነው። ጉጉፍቱ ላይ መሬቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የአምባ ፈሪት ተራራ 4,000 ሜትር ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። መካነ ሰላም ዝቅ ብላ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በመካከሉ ያለው ደጋ ገብስ፣ በግ፣ ንፋስና ባና የለበሰ ሰው ነው። ዛፍ ለማየት ወደ ደንቆሮ ጫካ መሄድ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ አስታውና ጅብራው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስካሁን አለ። ደጋውን በዙሪያው የሚቆርጡት የዓባይ፣ የበሽሎና የወለቃ ገደሎች ናቸው።

አፈሩ ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ያጣብቃል። ጎማ ሲሽከረከርበት በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጎማና ያለቀ ጎማ ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ልሙጥ ናቸው። በዚህ ላይ በረዶ ይጨመራል። የእኛ ደጋ በረዶ አንዳንድ ጊዜ በሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ እንደሚታየው ብን ብን እያለ የሚወርደው ዓይነት አይደለም፤ ጠጠር ነው። እርጥቡ አየር በኃይል ሽቅብ ሲወጣ ጠብታው ደመናው ውስጥ ይረጋል፤ ደጋግሞ ሽቅብ እየተወረወረ ይወፍርና ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። በበልግም ይመጣል፤ በክረምቱ መውጫም ገብሱ ሲያሸት ይመጣል። ገበሬው ከእኛ ይልቅ ይፈራው ነበር። ከእኛ የሚወስደው አንድ ቀን ነው፤ ከእሱ ግን የዓመት ጉርሱን።

ጭነቱ ላይ በተወጠረው ሸራ ስር ሆኖ የሰማው ሰው ድምፁን አይረሳም፤ ምጣድ ላይ የተበተነ ቆሎ እንደሚንጣጣው ነው። በሩብ ሰዓት ሜዳው፣ የገብሱ ማሳ፣ መንገዱ ሁሉ ነጭ ይሆናል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ በረዶው ፀሐይ በማይነካው የመንገዱ ዳር እስከ ማግስቱ ረፋድ ሊቆይ ይችላል። ክፋቱ ከስር መቅለጡ ነው። ላዩ የበረዶ ጠጠር፣ መካከሉ ውኃ፣ ታቹ ዋልካ። ጎማው የሚጨብጠው ነገር ያጣል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጎማው ባዶውን ይሾራል፣ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ እስከ ዲፍረንሻሉ ይቀበራል።

አያ ብዙ አይናገሩም ነበር። ሰንሰለትን በተመለከተ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «ሰንሰለት የሚታሰረው ሜዳ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። አብዛኛው ሾፌር ዳገቱን ይጀምራል፣ ምናልባት አልፈዋለሁ ብሎ ይሞክራል፣ ከተያዘ በኋላ ሰንሰለቱን ያወርዳል። የተቀበረ ጎማ ላይ ግን ሰንሰለት ማሰር ማለት መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ ማንሳት ነው፤ ክሪኩ ደግሞ ዋልካ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ጉጉፍቱ ሳንደርስ፣ መንገዱ ደረቅ መስሎ እንኳ ቢታይ፣ ሰማዩ ከጠቆረ አያ ከመንገዱ ዳር ሜዳ ፈልገው ይቆማሉ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። እሳቸው አይሰሙም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጎማ ሰንሰለት ሁለት ረጃጅም የጎን ሰንሰለቶች አሉት፤ በእነሱ መካከል አጫጭር አግዳሚዎች ይዘረጋሉ። መሬት ላይ አንጥፌ ጥምዝምዙን እፈታለሁ፤ አንድ አግዳሚ ከተጠማዘዘ መንገድ ላይ ይበጠሳል። የመንጠቆዎቹ ጫፍ ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ ወደ ውስጥ ከዞረ የጎማውን ጎን ይበላዋል። አያ መኪናዋን በቀስታ ወደ ኋላ እየመለሱ በሚጎትተው ጎማ ሰንሰለቱ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ እኔ ከስር እገባለሁ። የውስጠኛው መንጠቆ በዓይን አይታይም፤ በጣት ተዳብሶ ነው የሚገኘው። ያ ብረት በዚያ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ የያዝኩት መንጠቆ ይሁን የራሴ ጥፍር የማላውቅበት ጊዜ ነበር። የውስጡ ከገባ በኋላ የውጪው ይሳባል፤ የተረፈው ጫፍ በሽቦ በፒንሳ ይታሰራል። ጥቂት ተነድቶ እንደገና ይቆማል፤ ሰንሰለቱ ጎማው ላይ ሲቀመጥ ይላላልና እንደገና ይጠበቃል። ይህችን ሁለተኛ ማጥበቅ የሚዘልል ረዳት አያ ዘንድ አይቆይም ነበር። የላላ ሰንሰለት ይወረወራል፤ የፍሬን ቱቦ ይበጥሳል፤ ፍሬን የሌለው መኪና ደግሞ ያን ቁልቁለት ሲወርድ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ዳገቱ ላይ ማርሽ አይቀየርም። ታች በተያዘው ማርሽ፣ ነዳጁ ሳይበዛና ሳያንስ፣ እስከ ላይ ነው። አግዳሚው ሰንሰለት በረዶውን ሰንጥቆ ዋልካውን ይነክሳል፤ ጭቃውን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ጎማው ያለችውን ጥርስ ያገኛል። እኔ ታኮውን ታቅፌ ከኋላ ጎማ ጎን እሮጣለሁ። መኪናዋ ወደ ኋላ ማለት ከጀመረች ታኮውን ከስሯ መወርወር የእኔ ድርሻ ነው። በዚያ ዘመን ታኮ እንደያዙ መንገድ ላይ የሞቱ ረዳቶች አሉ። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ የዚያን ሥራ ዋጋ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ስለሆነ ነው።

አንድ የነሐሴ ማታ ሰንሰለታችንን አስረን ዳገቱን ስንጀምር ከፊታችን አንድ አውቶቡስ ተይዞ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። ሰንሰለት የለውም። በረዶው ገና መውረዱን አላቆመም። አውቶቡሱ ውስጥ አራስ ልጅ የያዘች እናትና ከደሴ ሆስፒታል የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጨለማው ሳይወርድ ከጉብታው ማዶ ሰዎች መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም፤ የሞተሩን ጩኸት ሰምተው ነው። ዶማ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የተሸከመ አለ፣ ጭድ በአቁማዳ ያመጣ አለ። ነጭ ጥምጥም ያሰሩ አንድ አባት ዱዓ አደረጉና «አብሽሩ፣ ይወጣል! ዛሬ ግን አይወጣም። ልጅቱን አስገቧት» አሉ።

ተሳፋሪው በየቤቱ ተከፋፈለ። እኔና አያ ያረፍነው አንዲት ባልቴት ቤት ነው። አጎዛ አነጠፉልን፤ ባናቸውን ከራሳቸው ላይ አንስተው ጣሉብኝ። «እማማ፣ እርስዎስ ምን ሊለብሱ?» ስላቸው «እኔ የለመድኩት ብርድ ነው የኔ ልጅ፤ አንተ እንግዳ ነህ» አሉኝ። ቡናው እስከ ሦስተኛው ተጠጣ። ጠዋት አያ ለቡናው ብለው ብር ሊሰጡ ሲሞክሩ እማማ በጣም ተቆጡ።

ጠዋት የሆነውን ነው ልጽፍ የፈለግሁት። አያ ሰንሰለቱን ከራሳቸው መኪና ጎማ ላይ እንድፈታው አዘዙኝ። ፈታሁት። የሰፈሩ ሰዎች አውቶቡሱን ዙሪያውን ቆፍረው ድንጋይና ጭድ አስገቡለት፤ ሰንሰለቱን ለአውቶቡሱ አሰርን፤ ሃምሳ የሚሆን ሰው ትከሻውን ሰጥቶት ወጣ። ከላይ ሜዳ ሲደርስ ፈትቼ በትከሻዬ ተሸክሜ ቁልቁል ወረድኩ፤ ለእኛ መኪና እንደገና አሰርኩ። ከኋላችን ደግሞ አንድ አይሱዙ መጥቶ ነበር፤ እኛ ከወጣን በኋላ ሰንሰለቱ ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ። በዚያ ቀን አንድ ጥንድ ሰንሰለት ሦስት መኪና አወጣ። አያ በዚህ የሚኩራሩ ሰው አልነበሩም፤ እየቸኮሉ መሆናቸውን ግን አውቃለሁ፤ ጭነታችን ጨውና ስኳር ነበር፤ ስኳሩ ርጥበት እየነካው ነበር።

የእርዳታ ድርጅቶች ላንድ ክሩዘሮች ሌላ ዓለም ነበሩ። አየር መሳቢያቸው እንደ እኛ ከታች ሳይሆን ከጣሪያው ጎን የሚወጣ ነው፤ ፎርዊል አላቸው፤ ከፊታቸው ዊንች ተገጥሞላቸዋል። ዊንች ግን የሚያስረው ነገር ይፈልጋል፤ ጉጉፍቱ ላይ ደግሞ ገመድ የሚታሰርበት ዛፍ የለም። አንድ ጊዜ የአንዱ ሾፌር ያደረገውን አይቼ ተደነቅሁ። ከመኪናው ፊት ራቅ ብሎ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ የዊንቹን ገመድ ስኮርታው ላይ አሰረ፤ ስኮርታውን ጉድጓዱ ውስጥ አቁሞ በአፈርና በድንጋይ ደፈነው። ከዚያ ዊንቹን አስነሳ። ገመዱ ተወጠረ፣ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ተቀበረው ጎማ ተሳበ። ወጣ። ስኮርታውን ለማውጣት ግን ከመኪናው የበለጠ ጊዜ ፈጀ። አያ ይህን ሁሉ ዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ደህና ዘዴ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የላንድ ክሩዘር ሾፌሮች ከእኛ የተማሩት ነገርም ነበር፤ ጎማ ማስተንፈስ። ጭቃና በረዶ ላይ አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይሰፋል፣ ክብደቱን ይበትናል፣ መስመጡን ይቀንሳል። የጫነ የጭነት መኪና ይህን ብዙ ሊያደርገው አይችልም፤ ከመነዳሪው ይጠመዘዛል፣ ቸርኬው ጎማውን ይቆርጠዋል። ለቀላል መኪና ግን ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል፤ መልሶ የሚነፋበት ፓምፕ ካለ።

በዚህ ደጋ ከባድ ነገር ያለ መንገድ መጎተት ከመኪና በፊትም ነበረ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ተነሱ። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በጂዳና በበሽሎ ገደሎች ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት ነበረበት፤ መንገዱ ደግሞ በፊቱ እየተቆፈረ ነው የሄደው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን አረፉ። መድፉ ዛሬም አምባው ላይ አለ። እኔ ስለ ቴዎድሮስ ሲወራ ሁልጊዜ የሚታየኝ የጎታቾቹ ትከሻ ነው። ከነሱ የአንዱንም ስም አላውቅም።

አያም የ1977ቱን ረሃብ አይተውታል፤ እህል ጭነዋል። መንገድ የሌለበት ደጋ ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ ከረጢት ሲጥሉ የታየው በዚያው ጊዜ ነው። ከአየር የተጣለው እህል የዓለም ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። በመሬት የደረሰው፣ በሰንሰለት የወጣው፣ ታኮ ተወርውሮለት የተረፈው እህል ግን ፎቶ የለውም።

እኔ በኋላ በዲቪ አሜሪካ መጣሁ፤ ኮሎራዶ፣ አውሮራ። ከአበሻ ወንድሞቼ ብዙዎቹ እንደሚያደርጉት ትልቁን መኪና መንዳት ጀመርኩ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው አይ-70 አውራ ጎዳና በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል 3,400 ሜትር ላይ ተራራውን ይሻገራል፤ ከፍታው ከእኛ ደጋ ጋር የሚወዳደር ነው። እዚህ የሚወርደው በረዶ ብናኝ ነው፤ ሜዳውን ሞልቶ ይከርማል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል የሚያልፍ የጭነት መኪና ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት ይዞ መገኘት አለበት፤ ምልክቱ ሲበራ ደግሞ ያስራል። ሳያስር ሄዶ መንገድ የዘጋ የበለጠ ይቀጣል። ለማሰሪያ ተብሎ የተሠራ፣ መብራት ያለው ሰፊ ዳርቻ አለ፤ ያለውም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አያን አሰብኳቸው። እሳቸው ያለ ሕግና ያለ ምልክት ያወቁትን ይህ ሁሉ መሐንዲስ በኋላ ደረሰበት አልልም፤ እያንዳንዱ ተራራ የራሱን ሰው ያስተምራል። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ሜዳ ላይ ማሰር።

እዚህ ወጣቶች ለመዝናናት ጂፓቸውን ከፍ አስደርገው፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥመው፣ ሁለቱም ጎማ እኩል እንዲጎትት ዲፍረንሻሉን የሚቆልፍ ዕቃ ጨምረው ተራራ ይወጣሉ። ደስ ይለኛል፤ ቆሜ አያለሁ፤ ሲጠይቁኝም ያለኝን እነግራቸዋለሁ። ዕቃውን አልንቅም። በጉጉፍቱ ዳገት ላይ ያ የሚቆለፍ ዲፍረንሻል ቢኖረን ኖሮ ስንት ሌሊት ከመንገድ ዳር ማደር በተረፈ ነበር።

አያ አርፈዋል። መንገዱም ተለውጧል፤ በዓባይ በኩል ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደ ወይን የሚሻገረው መንገድ መካነ ሰላምን ከመጨረሻ ጣቢያነት አውጥቷታል። በረዶው ግን እንደ ድሮው ይወርዳል፤ በጥሩ መንገድ ላይ ደግሞ መኪናው ይፈጥናል፤ ስለዚህ በበልግና በክረምት ጉጉፍቱን የምታልፉ ሾፌሮች፣ ሰማዩ ሲጠቁር ፍጥነት ቀንሱ፣ በፍሬን ሞተር ውረዱ፣ ሰንሰለቱን ከመኪናው አታውርዱ።

ሌላው የምለው ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ግቢዎቹ ያሉት ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ነው። ያን መንገድ በሰንሰለት የከፈቱ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ድንጋይ ይዘው ከጉብታው የወረዱ ገበሬዎች፣ ባናቸውን ያለበሱ እናቶች ገና በሕይወት አሉ፤ ከግቢው በር ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልግም። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቻችሁን መቅጃና ደብተር አስይዛችሁ ላኳቸው። ስማቸውን ይጻፉ። በተለይ የረዳቶቹን።